የቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ስስ ፊልም፦ የቱን ማቴሪያል፣ ስንት ናኖሜትር፣ በምን መለኪያ?

ሰኔ ላይ ነው። ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዝናቡ ሲወርድ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት ተጠልለን ሳለ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ሐሳቧን ከቦርሳዋ አወጣች። «መምህር፣ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ልያዝ ወይስ ቢስሙዝ ቴሉራይድ? ያነበብኩት ሁሉ የየራሱን ነው የሚያሞግሰው» አለችኝ። «ፊልሙን በስንት ዲግሪ ልትለኪው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ጥያቄዬ ከርዕሷ የወጣ መስሏት ነበር።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከማቴሪያሉ ነው። ስሙ የገነነውን እንመርጥና መለኪያውን በኋላ እንፈልጋለን። እኔ ግን መንገዱ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምራል ባይ ነኝ፤ ምን ያህል ማቀዝቀዝ እንደምትችሉ፣ ምን ያህል መግነጢሳዊ መስክ እንዳላችሁና ፊልሙን ማን እንደሚሠራላችሁ ስታውቁ ማቴሪያሉ ራሱ እየጠበበ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው በዚያ መንገድ የተጻፈ ነው። ሁሉን አማራጭ እኩል አላብራራሁም፤ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ቆይቼ ሌላውን አልፌዋለሁ።

ችግሩ ከሆዱ ነው

ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ሲባል ሆዱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ቆዳው ግን የሚያሳልፍ ቁስ ነው። ቆዳው የሚያስተላልፈው ከውጭ የተቀባ ነገር ስላለው አይደለም። በውስጥ ያሉት የኃይል ባንዶች (ኤሌክትሮን ሊይዛቸው የሚችላቸው የኃይል ክልሎች) በስፒን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን እንደ ጥቃቅን ማግኔት በሚያደርገው ባሕርይ፣ እና በኤሌክትሮኑ ዙረት (ኦርቢት) መካከል ባለው ጠንካራ መስተጋብር ምክንያት ቅደም ተከተላቸው ተገልብጧል፤ ይህ የተገለበጠ ቁስ ካልተገለበጠው ጋር፣ ከአየርም ጋር ቢሆን፣ በሚገናኝበት ድንበር ላይ የኃይል ክፍተቱ (በባንዶቹ መካከል ያለው ኤሌክትሮን የማይኖርበት ክልል) የግድ መዘጋት አለበት። ክፍተቱ የተዘጋበት ያ ድንበር ነው ኤሌክትሮን የሚሄድበት መንገድ። በዚያ ላይ የኤሌክትሮኑ ስፒን ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር የተቆራኘ ነው። ወዲያ የሚሄደው ስፒኑ ወደ አንድ ጎን፣ ወዲህ የሚመጣው ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሆነ፣ ማግኔት ያልሆነ እንከን ብቻውን ኤሌክትሮኑን ቀጥ አድርጎ ወደ መጣበት ሊመልሰው አይችልም።

ሐሳቡን ኬንና ሜሌ በ2005 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ አቀረቡት፤ በ2007 የጀርመኑ ዉርዝበርግ ቡድን በሜርኩሪ ቴሉራይድ ስስ ንብርብር ውስጥ በጠርዙ ብቻ የሚሄደውን ፍሰት ለካ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራባቸው ሦስቱ፣ ማለትም ቢስሙዝ ሴሌናይድ፣ ቢስሙዝ ቴሉራይድና አንቲሞኒ ቴሉራይድ፣ በ2009 የመጡ ናቸው።

በወረቀት ላይ ነገሩ ያማረ ነው። መለኪያ ላይ ሲወጣ ግን ሆዱ ያስቸግራል። «ኢንሱሌተር» የተባለው ሆድ በክሪስታሉ ጉድለት ምክንያት በኤሌክትሮን ወይም በሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚንቀሳቀስ ባዶ ቦታ) ተሞልቶ እንደ መጥፎ ብረት ያስተላልፋል። የምታነቡት ሬዚስታንስ የቆዳውና የሆዱ ድምር ነው። ክረምት ላይ የአጂፕ አስፋልት ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ውኃው በመንገዱም በቦዩም ሲሄድ ታች ቆሞ የሚያይ ሰው ስንቱ በየት እንደመጣ መለየት አይችልም። የዚህ ሥራ ጣጣው ሁሉ ያ ነው። ማቴሪያል፣ ውፍረት፣ ሰብስትሬት (ፊልሙ የሚነጠፍበት መሠረት)፣ የመለኪያ ዘዴ የምንመርጠው የሆዱን ድርሻ ለመቀነስ ወይም ቢያንስ ለይቶ ለማወቅ ነው።

የቱ ማቴሪያል?

ቢስሙዝ ሴሌናይድ በወረቀት ላይ አንደኛ ነው። የኃይል ክፍተቱ 0.3 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው። በክፍል ሙቀት ያለው የሙቀት ኃይል 0.026 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ስለሆነ ክፍተቱ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። የቆዳው ባንድም አንድ ብቻና የጠራ ነው፤ የዲራክ ነጥቡ (የቆዳው ባንድ ሁለት ክንዶች የሚገናኙበት) ክፍተቱ ውስጥ ተገልጦ ይታያል። ጉድለቱ ሴሌኒየም በቀላሉ የሚተን መሆኑ ነው። ፊልሙ ሲሠራ ሴሌኒየም ያመልጥና ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ኤሌክትሮን ይለቃል። ስለዚህ ያልታከመ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በኤሌክትሮን የተሞላ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ደግሞ ይብስበታል።

ቢስሙዝ ቴሉራይድ ክፍተቱ ከዚያ ግማሽ ያህል፣ 0.15 ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ነው። የዲራክ ነጥቡ ከቫሌንስ ባንድ (ከክፍተቱ በታች ካለው ባንድ) ጫፍ በታች ተቀብሯል፤ ስለዚህ የቆዳውን ፍሰት ብቻ ነጥዬ እስከ ዲራክ ነጥቡ ድረስ ልከተል ለሚል ሰው አይመችም። ጥሩ ጎኑ የቴሉሪየሙን መጠን በማስተካከል ኤሌክትሮን በዝቶበት ወይም ሆል በዝቶበት ሊሠራ መቻሉ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው የፔልቲየር ማቀዝቀዣ ሰሌዳ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ኪዩቦች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ በአንዱ ወገን ሴሌኒየም የተጨመረበት፣ በሌላው ወገን አንቲሞኒ የበዛበት። ሆን ተብሎ ብዙ ቻርጅ እንዲኖራቸው ስለተሠሩ የቆዳ ፍሰት አይታይባቸውም። ሽቦ መለጠፍን፣ አራት ነጥብ መለኪያንና የሆል ቮልቴጅ (በሳይንቲስቱ ሆል ስም የተጠራ፣ ማግኔት ሲኖር ከከረንቱ ጎን የሚነሣ ቮልቴጅ፤ ከላይ ካለው ባዶ ቦታ ጋር አይገናኝም) መለየትን ለመማር ግን ከዚህ የረከሰ አስተማሪ አላውቅም። ውድ ፊልም ላይ እጃችሁን ከማፍታታችሁ በፊት እሱ ላይ አንድ ወር ሥሩ።

አንቲሞኒ ቴሉራይድ በተቃራኒው ሆል የሞላበት ነው፤ አንቲሞኒ በቴሉሪየም ቦታ እየተቀመጠ ሆል ይፈጥራል። ብቻውን ለመመረቂያ አልመርጠውም።

የሚያስደስተው ግን ሁለቱን ቴሉራይዶች ማደባለቅ ነው። አንዱ ኤሌክትሮን ይዞ፣ ሌላው ሆል ይዞ ሲመጣ ይጣጣላሉ። የቢስሙዝና የአንቲሞኒን መጠን በመለዋወጥ የፌርሚ ደረጃውን (ኤሌክትሮኖቹ የሞሉበትን የኃይል ጣሪያ) ከኮንዳክሽን ባንድ፣ ከክፍተቱ በላይ ካለው፣ አንስቶ በክፍተቱ አልፎ ወደ ቫሌንስ ባንድ ማውረድ እንደሚቻል በ2011 ታይቷል፤ አንቲሞኒው ሲጨምር ደግሞ ያ ተቀብሮ የነበረው የዲራክ ነጥብ ወደ ክፍተቱ ብቅ ይላል። ጉድለትን ከማጥፋት ይልቅ ጉድለትን በጉድለት ማቻቻል ነው። ፊልሙን የሚሠራላችሁ ቡድን ሁለቱን ምንጮች በየራሳቸው መቆጣጠር ከቻለ ያለ ማመንታት ይህን ምረጡ። አንድ ድብልቅ ዱቄት አሙቆ የሚያተን ብቻ ከሆነ ግን የታሰበው መጠን ፊልሙ ላይ ሳይገኝ ይቀራል፤ ያኔ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ይሻላል፣ ጉድለቱ ቢያንስ የታወቀና በአንድ አቅጣጫ ነውና።

ጠጣር ክሪስታል ለሚያስቡ ቢስሙዝ፣ ቴሉሪየምና ሴሌኒየም በሥርዓት የተደረደሩበት ውህድ አለ። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች በቀዝቃዛ ሙቀት ሆዱ እውነተኛ ኢንሱሌተር ወደ መሆን እንደሚጠጋ ያሳዩት በእሱ ነው። ከእሱ በፕላስተር የተላጠ ቅጠል ጥሩ ናሙና ይሆናል፤ ለፊልም ጀማሪ ግን መጠኑን መጠበቅ ይከብዳል።

ስንት ናኖሜትር?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ከማቴሪያሉ ስም ይልቅ ውጤታችሁን የሚወስነው ይህ ነው።

እነዚህ ቁሶች የተሠሩት ከአምስት አምስት የአቶም ንጣፍ ነው፤ አንዱ አምስትዮሽ በቢስሙዝ ሴሌናይድ 0.95 ናኖሜትር፣ በቢስሙዝ ቴሉራይድ 1.02 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ «10 አምስትዮሽ» ስትሉ ወደ 10 ናኖሜትር ነው።

በጣም ስስ ካደረጋችሁት የላይኛውና የታችኛው ቆዳ በሆዱ በኩል እርስ በርስ ይነካካሉ። በቢስሙዝ ሴሌናይድ ከ6 አምስትዮሽ በታች ሲሆን በቆዳው ባንድ ላይ ክፍተት እንደሚከፈት በ2010 ታይቷል። ያ ራሱ የሚጠና ነገር ነው፤ ነገር ግን የቆዳ ፍሰት ልለካ ብሎ የተነሳ ሰው 4 ናኖሜትር ፊልም ላይ ሬዚስታንሱ ሽቅብ ሲወጣበት ሆዱ ኢንሱሌተር ሆነልኝ ብሎ እንዳይደሰት። ፊልሙ በደሴት በደሴት ተቆራርጦም ሊሆን ይችላል።

ከመጠን ያለፈ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ሆዱ ይውጠዋል። በምሳሌ እንሥራው። የሁለቱ ቆዳዎች ቻርጅ ተሸካሚ ድምር በካሬ ሴንቲሜትር 10 ትሪሊዮን፣ ሞቢሊቲያቸው (በመስክ ሲገፉ የሚሄዱበት ቅልጥፍና፣ በካሬ ሴንቲሜትር ለቮልት ለሴኮንድ) 1,000 ይሁን። የሆዱ በኪዩብ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዮን ትሪሊዮን፣ ሞቢሊቲው 500 ይሁን። ስሌቱ የሁለቱን ቆዳ ኮንዳክታንስ 1.6 ሚሊሲመንስ ያደርገዋል፣ ውፍረቱ ቢለዋወጥም አይነቃነቅም። የሆዱ ግን ለየ10 ናኖሜትሩ 0.8 ሚሊሲመንስ ይጨምራል። 10 ናኖሜትር ላይ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛው የቆዳ ነው። 100 ናኖሜትር ላይ የቆዳው ድርሻ 17 በመቶ ይሆናል። 1 ማይክሮሜትር ላይ 2 በመቶ፤ ማለትም የሽቦችሁ ስህተት ይበልጠዋል።

በዚህ የተነሳ የኔ ምርጫ አንድ ግሩም ፊልም ሳይሆን በአንድ ዓይነት አሠራር የተሠሩ አራት ተራ ፊልሞች ናቸው፦ 10፣ 20፣ 40ና 80 ናኖሜትር። ከላይ ባለው ምሳሌ 2.4፣ 3.2፣ 4.8ና 8.0 ሚሊሲመንስ ታነባላችሁ። ኮንዳክታንሱን በውፍረት ላይ ስታስቀምጡት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የመስመሩ ዝንባሌ ሆዱን ይነግራችኋል፤ ውፍረቱ ዜሮ ሲሆን መስመሩ የሚቆርጠው 1.6 የቆዳው ነው። ሂሊየም ሳይኖር፣ ትልቅ ማግኔት ሳይኖር፣ በአንድ የታመነ ቮልትሜትር ሆድና ቆዳን የሚለይ ዘዴ ይህ ነው። አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መጻፍ አለባችሁ፦ ያ 1.6 ሁሉ ቶፖሎጂካል ላይሆን ይችላል። በተለይ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ላይ ባንዶቹ ገጹ አጠገብ ጎብጠው ተራ ኤሌክትሮኖች እዚያው ይከማቻሉ፤ እነሱም ከውፍረቱ ጋር አይቀየሩም። መስመሩ «የገጽ» ፍሰት መኖሩን ያሳያል፤ የገጹን ዓይነት አይነግርም።

ማን ይሥራው? በምን ላይ?

በሞለኪውላር ቢም ኤፒታክሲ የተሠራ ፊልም ከሁሉም የጠራ ነው። እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም ውስጥ ሴሌኒየሙ ወይም ቴሉሪየሙ ከቢስሙዙ በብዙ እጥፍ እየፈሰሰ፣ ሰብስትሬቱ ወደ 200–300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ፣ አምስትዮሽ በአምስትዮሽ ይነጠፋል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ናሙናውን የሚያገኘው ከትብብር ነው። ስፐተሪንግ (ቁሱን በጋዝ አዮን መትቶ ማስፈናጠር) ሰፊ ገጽ ይሸፍናል፤ ክሪስታሉ ግን ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናል። ተራ ማትነኛ ርካሽ ነው፤ ሴሌኒየሙና ቴሉሪየሙ ቀድመው ስለሚተኑ ጉድለቱ ይበዛል። በቱቦ ምድጃ ውስጥ በትነት ተጓጉዞ ሚካ ላይ የሚበቅለውን ጠፍጣፋ ክሪስታል ግን አትናቁት፤ ምድጃና የጋዝ ፍሰት ላለው ቤተ ሙከራ ከዋጋው በላይ የሚሰጥ መንገድ ነው። ሴሌኒየም ስታሞቁ ጭሱን የሚስብ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ጋዝ መርዝ ነው። ቴሉሪየም የነካው ሰው ደግሞ ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ለቀናትም አይለቀውም። ያ ሽታ ከመጣ ጥንቃቄያችሁ ጎድሏል ማለት ነው።

ሰብስትሬቱን በአጭሩ፦ ሰፋየር የተለመደውና የማያስቸግረው ነው። ኢንዲየም ፎስፋይድ ለቢስሙዝ ሴሌናይድ የአቶም ርቀቱ ሊገጥም ጥቂት የቀረው ስለሆነ ክሪስታሉ ያምራል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስትሮንሺየም ቲታኔት ሲቀዘቅዝ በአንድ ቮልቴጅ የሚሰበሰበውን ቻርጅ በእጅጉ ስለሚያበዛ ከጀርባው ቮልቴጅ ሰጥቶ የፌርሚ ደረጃን ለማንቀሳቀስ ተመራጭ ነው። ያለ ቅዝቃዜ ትርፉ ትንሽ ነው። ዶፕ የተደረገ (ቻርጅ እንዲበዛበት ባዕድ አቶም የተጨመረበት) ሲሊከን ያለ ኦክሳይድ ሽፋን አትጠቀሙ፤ በክፍል ሙቀት እሱ ራሱ ያስተላልፍና ሌላ ቦይ ይጨምርባችኋል።

ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ቫን ደር ፓው ወይስ ሆል ባር?

ሁለት ነጥብን እርሱት። መልቲሜትር ነክታችሁ የምታነቡት የሽቦውና የመገናኛው ሬዚስታንስ ነው፤ እሱ ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል።

በመስመር የተደረደሩ አራት መርፌዎች ፈጣን ናቸው፤ ለሰፊ ፊልም የአንድ ካሬ ሬዚስታንስ ማለት ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሎ በ4.53 ማባዛት ነው። ጉዳቱ መርፌው ነው። 10 ናኖሜትር ፊልም ላይ በጸደይ የሚገፋ መርፌ ሲያርፍ ይበሳዋል። በሁለተኛው ቀን ስትለኩ ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ፊልሙ ተቀየረ ትላላችሁ፣ የተቀየረው ቀዳዳው ነው።

ሆል ባር፣ በሊቶግራፊ (በብርሃን ሥዕል) የተቀረጸው በጎኖቹ መገናኛ ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከሁሉም ይሻላል፤ ቅርጹ ይታወቃል፣ ርዝመትና ስፋቱ በማይክሮሜትር ይነገራል። ነገር ግን ፎቶሬዚስቱና ማጠቢያው ፊልሙን ይነካዋል። ንጹሕ ክፍልና የሰለጠነ እጅ ከሌለ ፊልሙን ከመቅረጽ ባለመቅረጽ ታተርፋላችሁ።

ስለዚህ ለአብዛኛው አንባቢዬ ቫን ደር ፓው ነው የምመርጠው። በ1958 የታተመ ዘዴ ነው፤ ቅርጹ ምንም ይሁን፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ላይ አራት ጥቃቅን መገናኛ ጠርዝ ላይ ማድረግ በቂ ነው። 5 በ5 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ኢንዲየም በጥርስ እንጨት ጫፍ ተጭና፣ በላይዋ ቀጭን የወርቅ ሽቦ። ኢንዲየም ለስላሳ ስለሆነች ሳትሞቅ ትጣበቃለች። አታሙቋት፤ ስትሞቅ ወደ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ውስጥ ትሰርጋለች። ፍሬዋ ከገነነችና ወደ መሐል ከገባች ስሌቱ ይበላሻል።

ከዚያ ማረጋገጫው ይመጣል። ከረንቱን በአንድ ጎን ልካችሁ ቮልቴጁን በተቃራኒው ጎን ለኩ፤ ቀጥሎ ቦታቸውን ለዋውጡ። ሁለቱ ካልገጠሙ መገናኛው ወይም ፊልሙ ችግር አለበት፤ ውጤት ብላችሁ አትጻፉት።

አሁን ደግሞ ራሴ ሦስት ሳምንት የከፈልኩበትን ልንገራችሁ። የሆል ቮልቴጄ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሌላ ይሆንብኝ ነበር። ማግኔቱን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ መገናኛዎቹን ሁለት ጊዜ ነቅዬ ተከልኩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደመናው ሲገለጥ በመስኮቱ የገባ የፀሐይ ጨረር ናሙናው በግማሽ ላይ ዐረፈ፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ መሄድ ጀመረ። እጄን ዘርግቼ ስጋርደው ተመለሰ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ቁሶች እኮ የሙቀት ልዩነትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይሩ ናቸው፣ ፔልቲየር ውስጥ የገቡትም ለዚሁ ነው። ቢስሙዝ ቴሉራይድ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 200 ማይክሮቮልት ያህል ሊሰጥ ይችላል። የእኔ የሆል ቮልቴጅ ስንት ነበር? በ10 ማይክሮአምፔር፣ በ0.5 ቴስላ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ትሪሊዮን ተሸካሚ ላለው ፊልም 310 ማይክሮቮልት ያህል። በሁለቱ መገናኛዎች መካከል የአንድ ዲግሪ ተኩል ልዩነት ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ወይም እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ናሙናውን ክዳን ባለው የመዳብ ሳጥን ውስጥ አድርጉ። እያንዳንዱን ንባብ ከረንቱን ወደፊትም ወደኋላም ልካችሁ ውሰዱና የሁለቱን ልዩነት ለሁለት ክፈሉ፤ ከሙቀት የመጣው ቮልቴጅ ከከረንቱ ጋር ስለማይገለበጥ ይጠፋል። ከዚያ ማግኔቱንም ገልብጣችሁ ድገሙት፤ መገናኛዎቹ ትክክል ፊት ለፊት ባለመሆናቸው የገባው የሬዚስታንስ ቅልቅል በዚያ ይወጣል። አራት ንባብ ለአንድ ነጥብ። ያሰለቻል፤ ግን ሦስት ሳምንት ከመጣል ይሻላል።

የክፍል ሙቀት፣ ናይትሮጅን ወይስ ሂሊየም?

ሂሊየም፣ ማለትም 4.2 ኬልቪንና ከዚያ በታች፣ ካላችሁ የቆዳውን የኳንተም ባሕርይ ማየት ትችላላችሁ። በጣም የታወቀው ዊክ አንቲሎካላይዜሽን የሚባለው ነው፤ መስኩ ዜሮ ሲሆን ሬዚስታንሱ ወደ ታች የሾለ ጉድጓድ ይሠራል፣ ትንሽ መስክ ሲሰጠው ይወጣል። ምክንያቱ ያ የስፒን ቁርኝት ነው፦ አንድን ዙር በግራና በቀኝ ዞሮ የሚመለሰው የኤሌክትሮን ሞገድ ራሱን ስለሚያጠፋ ወደ ኋላ መመለሱ ይቀንሳል፣ መስኩ ያንን ስምምነት ያፈርሰዋል። ሂካሚ፣ ላርኪንና ናጋኦካ በ1980 ያወጡት ቀመር ላይ ሲገጠም አልፋ የምትባለው ቁጥር ለአንድ የፍሰት መንገድ አሉታዊ ግማሽ፣ ለሁለት ተለያይተው ለሚሄዱ መንገዶች አሉታዊ አንድ ትሆናለች።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አልፋ አሉታዊ ግማሽ ሲወጣለት «የቆዳ ፍሰት አገኘሁ» ይላል። ያ ጉድጓድ ስፒንና ኦርቢቱ በጠነከረ ተራ የብረት ፊልም ላይም ይታያል፤ የቢስሙዝ ሴሌናይድ ሆድም ሊሠራው ይችላል። ሆዱና ሁለቱ ቆዳዎች ከተሳሰሩ ሁሉም እንደ አንድ መንገድ ይቆጠሩና አልፋ አሉታዊ ግማሽ ይሆናል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፊልሙን አዘንብሎ ውጤቱ የመስኩን ቀጥ ያለ ክፍል ብቻ መከተሉን፣ አልፋ በውፍረት ወይም በጌት ቮልቴጅ (ፊልሙን ሳይነካ ከጎኑ በሚሰጥ ቮልቴጅ) ከአሉታዊ ግማሽ ወደ አሉታዊ አንድ መሄዷን ማሳየት ያስፈልጋል። ክሮሚየም በገባበት የቢስሙዝና አንቲሞኒ ቴሉራይድ ፊልም ላይ በ2013 ቤጂንግ የተለካው፣ ያለ ውጭ መስክ ወደ 25,813 ኦም የደረሰው የሆል ሬዚስታንስ ደግሞ በ30 ሚሊኬልቪን የተገኘ ነው። ያንን ለመድገም አትነሱ።

ናይትሮጅን ካላችሁ እነዚያን ጉድጓዶች አታዩም። የምታዩት ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ከወረደ ሆዱ እንደ ብረት ነው፣ ከወጣ ሆዱ እየደረቀ ነው። አራቱን ውፍረት በክፍል ሙቀትና በናይትሮጅን ለክታችሁ የመስመሩ ዝንባሌ ምን ያህል እንደተቀየረ ብታሳዩ ለመመረቂያ የሚበቃ፣ የሚከራከሩበት ውጤት አላችሁ።

ለጅማ ሰው ሁለት ማስጠንቀቂያ። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ናይትሮጅን የሚፈላው በመጽሐፉ 77 ኬልቪን ሳይሆን ወደ 75 ተኩል ዝቅ ብሎ ነው፤ ቴርሞሜትራችሁን በናይትሮጅን ስታስተካክሉ 77 ብላችሁ አትሙሉ። ሁለተኛው እርጥበቱ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ የቀዘቀዘ ናሙና ሲወጣ በደቂቃ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ናሙናውን በደረቅ ናይትሮጅን ጋዝ በተሞላ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ አውርዱት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይሞቅም አትክፈቱት። ፊልሙን የሚሠራላችሁ ሰው ከቫኪዩም ሳያወጣው በሴሌኒየም፣ በቴሉሪየም ወይም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ እንዲሸፍነው አስቀድማችሁ ለምኑት።

በኮምፒውተርስ?

ፊልም የማግኘት ተስፋ ከሌለ ስሌቱ የተሸነፈ ሰው ምርጫ አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። ኳንተም ኤስፕሬሶ (በቡና አገር ስሙ ደስ ይላል) ከአቶሞቹ ተነስቶ ባንዱን ይሰጣችኋል፤ ነጻ ነው። 6 አምስትዮሽ ማለት በአንድ ሴል 30 አቶም ነው፣ ስፒንና ኦርቢት ሲከፈት ስሌቱ በጣም ይከብዳል፤ ላፕቶፕ ላይ ከባድ፣ በጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚቻል። የፍሰት ጥያቄ ከሆነ ግን እኔ ክዋንትን እመርጣለሁ፦ በፓይተን የሚሠራ፣ ነጻ፣ አራት ኦርቢታል ያለውን ቀላል ሞዴል ይዞ የኮንዳክታንሱን ዋጋ በቀጥታ የሚያወጣ። ውፍረቱን ከ2 እስከ 10 ንጣፍ እየቀየራችሁ ክፍተቱ ሲዘጋ ማየት፣ እንከን እየጨመራችሁ ቆዳው ሲቋቋም ማየት በላፕቶፕ ይቻላል። ረጅም ስሌት ከሆነ በየመሐሉ የሚያስቀምጥ አድርጋችሁ ጻፉት፤ መብራት ሲሄድ ከዜሮ አትጀምሩም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ያቺ ተማሪ ወረቀቷን ገልብጣ ከጀርባው ጻፈች፦ ቢስሙዝ ሴሌናይድ፣ ሰፋየር ላይ፣ አራት ውፍረት፣ ቫን ደር ፓው፣ ናይትሮጅን፤ ጎን ለጎን ክዋንት። የአንቲሞኒውን ድብልቅ ጠየቀችኝ፤ ፊልሙን የሚሠራላት ቡድን ሁለት ምንጭ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቂ አልኳት። ባጃጅ ስትጠብቅ መለስ ብላ «መምህር፣ መስኮቱስ?» አለችኝ። «በጥቁር ካርቶን ሸፍኚው፣ ሳጥኑንም ክዳን አድርጊለት» አልኳት።